ማካው፦ ከፍርግርግ ውጭ ሲታይ

ብዙዎቻችን ማካውን የምናውቀው በቴሌቪዥን ወይም በእንስሳት ማቆያ ነው። በፍርግርግ ውስጥ የሚኖር ወፍ ግን እንዴት ምግቡን እንደሚያገኝ፣ እንዴት እንደሚራባ አያሳይም። ስለ እሱ የሚወራው አብዛኛው ነገር ከእውነተኛ ኑሮው ጋር የማይገጥመውም ለዚህ ነው።

ተረት 1፦ ማካው አፍሪካ ውስጥም ይገኛል።
እውነታ፦ አፍሪካ የራሷ በቀቀኖች አሏት፤ ግንባረ ቢጫው በቀቀንማ ከኢትዮጵያ በስተቀር የትም የለም። ማካው ግን ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ድረስ የሚኖር የበቀቀን ዓይነት ነው። ረጅም ጅራትና ግዙፍ ምንቃር አለው፤ የብዙዎቹ ዝርያዎች ጉንጭም ላባ የለውም ወይም በጣም የሳሳ ነው። ትልቁ ሀያሲንት ማካው ከራሱ እስከ ጅራቱ ጫፍ 1 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ተረት 2፦ ደማቅ ቀለሙን የሚያገኘው ከሚበላው ፍራፍሬ ነው።
እውነታ፦ ፍላሚንጎ የሚቀላው ከምግቡ በሚያገኘው ቀለም ነው። የማካውን ቀይና ቢጫ ግን ላባው ሲያድግ የራሱ ሰውነት ይሠራዋል። ሰማያዊው ደግሞ ከቀለም ሳይሆን የላባው ረቂቅ አሠራር ብርሃንን ሲበትን የሚታይ ነው።

ተረት 3፦ ፍሬ እየበላ ለጫካው ዘር ይዘራል።
እውነታ፦ ማካው በዋናነት የሚፈልገው ዘሩን ነው። በአንድ እግሩ ቅርንጫፍ ጨብጦ በሌላው ፍሬውን ወደ አፉ ያነሳል፤ ሁለት ጣቶቹ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ ስለሆኑ አጥብቆ ይይዛል። የፍሬውን ሥጋ ልጦ ይጥልና ዘሩን በምላሱ እያዟዟረ ይሰብረዋል። የተሰበረ ዘር አይበቅልም። ይዟቸው ሲበር የሚጥላቸው ጥቂት ፍሬዎች ግን ርቀው የመብቀል ዕድል አላቸው።

ተረት 4፦ አፈር የሚበላው መርዝ ለማርከስ ብቻ ነው።
እውነታ፦ በፔሩ ታምቦፓታ አካባቢ ማካዎች በወንዝ ዳር ገደል ላይ ተሰብስበው ሸክላ አፈር ይበላሉ። ያልበሰሉ ዘሮች መርዛማ ስለሚሆኑ አፈሩ ማርከሻ ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ይታሰብ ነበር። ይበልጥ ማስረጃ ያለው ምክንያት ግን ጨው ነው። ምዕራብ አማዞን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ በጣም ስለሚርቅ በተክሎቹ ውስጥ ሶዲየም አነስተኛ ነው፤ ወፎቹም ሶዲየም የበዛበትን አፈር መርጠው ይበላሉ። የእኛ ከብት ወደ ሆራ እንደሚነዳው መሆኑ ነው።

ተረት 5፦ በዱርም ለፍላፊ ነው።
እውነታ፦ በጫካ የሚያሰማው ጩኸት የትዳር ጓደኛውንና መንጋውን የሚጠራበት ነው። ጥንዶች ለብዙ ዓመታት አብረው ይኖራሉ፤ ሲበሩም ጎን ለጎን ናቸው። በሰው ቤት የሰው ድምፅ የሚቀዳው መንጋው ሰው ሆኖበት ነው።

ተረት 6፦ ከጎጆ የተወሰደ ጫጩት ቶሎ ይተካል።
እውነታ፦ ሀያሲንት ማካው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ጥሎ አንድ ጫጩት ብቻ ያሳድጋል። በብራዚሉ ፓንታናል ጎጆው በአብዛኛው የማንዱቪ ዛፍ ግንድ ፍልፍል ነው፤ ዛፉ ይህን የሚያህል ፍልፍል እስኪኖረው ብዙ አሥርተ ዓመታት ይፈጃል። ስፒክስ ማካው የተባለው ሌላ ዝርያ የደረሰበትም ያስተምራል፦ መኖሪያው ጠፋ፣ ወፉም ለሽያጭ ተጠመደ፤ በዱር የቀረው የመጨረሻው ወንድ በ2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ተሰወረ። በሰው እጅ የተፈለፈሉ ወፎች ወደ ብራዚሏ ባሂያ የተለቀቁት በ2022 ነው።

ስለዚህ ማካው ሲሸጥ ያየ ሰው ከዋጋው በፊት የትውልድ ሰነዱን ይጠይቅ። ሰነድ ከሌለው አይግዛ፤ ገዢ ባይኖር ጎጆ የሚዘርፍም አይኖርም።