ከ«ኮንትሮባንድ» እስከ «ነጻ ሰው»
የአንዲት የከተማ ቤተ ክርስቲያን የአንድ ዓመት ሥራ

አንባቢ ሆይ፤ አንድ ማኅበር በዓመት ውስጥ ምን እንደ ሠራ ለማወቅ ብትፈልግ የምትጠይቀው ሁለት መዝገብ ነው። አንደኛው ቃለ ጉባኤ፣ ሁለተኛው የገንዘብ ሒሳብ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጣችሁ ደብዳቤ የምትጽፉና ፋይል የምትይዙ ወጣቶች ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን ከሁለቱ መዝገብ ሌላ አንድ ሦስተኛ ምስክር አለ፤ ይኸውም ማኅበሩ ሰውን የሚጠራበት ስም ነው። ዛሬ የማወጋችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ስም ስለ ለወጡ ሰዎች ነው።

ቦታው የአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን፣ ዘመኑም ከ1864 እስከ 1865 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ ወደ ዐሥር ዓመት ሆኗቸው ነበር። በአሜሪካ ደግሞ የሰሜንና የደቡብ ክፍሎች እርስ በርሳቸው ሲዋጉ አራተኛ ዓመታቸውን ይዘው ነበር። ቤተ ክርስቲያኒቱ «የዐሥራ አምስተኛው ጎዳና ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን» ትባላለች፤ ምእመናኗም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው።

በመጀመሪያ ፕሬስቢቴሪያን ማለት ምን እንደ ሆነ እንመልከት። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን መሠረቱ «ሽማግሌ» ማለት ነው። በዚህ ሥርዓት አንዲትን ቤተ ክርስቲያን በበላይነት የሚያዝ ጳጳስ የለም። ምእመናኑ ራሳቸው በድምፅ ሽማግሌዎችን ይመርጣሉ፤ የተመረጡትም ከመጋቢው ጋር ተቀምጠው ይመክራሉ፤ ቃለ ጉባኤም ይይዛሉ። ድሆችንና በሽተኞችን መርዳት የዲያቆናት ሥራ ነው። ምእመናኑም ተሰብስበው የሒሳብ መግለጫ ይሰማሉ። ዕድሩ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው የእኛ ሰው ይህን አሠራር ለመረዳት ብዙ አይቸግረውም።

የዚህች ቤተ ክርስቲያን መሥራች ጆን ኩክ የሚባል መምህር ነበር። በባርነት ተወልዶ ነጻ የወጣ፣ ጫማ መስፋት የተማረ፣ በኋላም የጥቁሮችን ልጆች የሚያስተምር ሰው ነው። በ1835 በዋሽንግተን በጥቁሮች ላይ ሁከት ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ ሲፈርስ እርሱም ለነፍሱ ሸሽቶ ወደ ፔንሲልቬንያ ሄደ። ነገሩ ሲበርድ ተመልሶ ማስተማሩን ቀጠለ። ቤተ ክርስቲያኒቱን ያቋቋመው በ1841 ነው። እንግዲህ ከመሠረቷ ጀምሮ መቅደሱና ጥቁር ሰሌዳው ጎን ለጎን ነበሩ ማለት ነው። ኩክ በ1855 ሲሞት ሥራው ከእርሱ ጋር አልተቀበረም።

ጦርነቱ ሲመጣ የከተማይቱ መልክ ተለወጠ። በሚያዝያ ወር 1862 በዋሽንግተን ከተማ ባርነት በሕግ ተሻረ፤ ወደ 3,100 የሚሆኑ ሰዎችም ነጻ ወጡ። መንግሥት ስለ አንድ ባሪያ እስከ 300 ዶላር ካሣ ከፈለ። ካሣው የተከፈለው ግን ዘመኑን ሙሉ ያለ ደመወዝ ለሠራው ሰው ሳይሆን ለጌታው ነበር! ከአጎራባቾቹ ከቨርጂንያና ከሜሪላንድ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ እጅግ ብዙ ሰዎች ወደ ከተማይቱ ጎረፉ። ሕፃን ያዘለች እናት፣ በእርጅና የጎበጠ ሽማግሌ፣ ከለበሰው ጨርቅ በቀር ምንም የሌለው ጎልማሳ በየሰፈሩ ተጨናነቀ። ብርዱና በሽታው ብዙዎችን ጨረሰ።

እነዚህ ሰዎች ምን ተብለው ይጠሩ እንደ ነበር ታውቃላችሁን? «ኮንትሮባንድ» ይባሉ ነበር። ቃሉን እኛም እናውቀዋለን፤ ቀረጥ ሳይከፈልበት ድንበር ተሻግሮ የሚገባ ዕቃ ነው። የሰሜኑ ጦር ከጠላት እጅ የወጣን ባሪያ አልመልስም ያለው «ከጠላት የተያዘ ንብረት ነው» በሚል ምክንያት ስለ ነበር፣ ስሙ በዚያው ጸና። ሰውየው ከባርነት ቢያመልጥም ከዕቃነት ስም አላመለጠም።

ከቤተ ክርስቲያኒቱ ምእመናን መካከል ኤልዛቤት ኬክሊ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። በቨርጂንያ በባርነት ተወልዳ፣ በ1855 የራሷንና የልጇን ነጻነት በ1,200 ዶላር ገዝታለች። በ1860 ወደ ዋሽንግተን መጥታ በመርፌዋ ስም አወጣች፤ የፕሬዚዳንት ሊንከንን ባለቤት ቀሚስ የምትሰፋውም እርሷ ሆነች። አንድ ልጇ በ1861 በጦርነቱ ላይ ሞቶባታል። በ1862 በጋ አንድ ቀን ነጮች ለቆሰሉ ወታደሮች ገንዘብ ለመሰብሰብ ያደረጉትን የበዓል ዝግጅት አየች። «እነርሱ ለወገናቸው ይህን ካደረጉ እኛስ ኑሮ የተሻለልን ጥቁሮች ለወገኖቻችን ስለ ምን አናደርግም?» ብላ አሰበች። በሚቀጥለው እሑድ ሐሳቡን በቤተ ክርስቲያን አቀረበች። ሁለት ሳምንት ሳይቆይ አርባ አባሎች ያሉት የእርዳታ ማኅበር ተቋቋመ። ወይዘሮ ሊንከን 200 ዶላር ሰጠች፤ ኬክሊም እስከ ኒው ዮርክና ቦስተን ሄዳ ገንዘብና ልብስ ለመነች። ብርድ ልብሱ፣ ጫማው፣ የሕፃናቱ ልብስ እየተሰበሰበ ለተቸገሩት ይታደል ጀመር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ኬክሊ ሽማግሌ ሆና ልትመረጥ አትችልም ነበር፤ ያች ቤተ ክርስቲያን የምትገኝበት የሰሜን ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ለሴቶች የሽማግሌነትን ማዕርግ የፈቀደው በ1930 ነውና። ወንበር ሳይኖራት ሥራውን ሠራች።

አሁን ወደ ዓመታችን ደረስን። ማኅበሩ ሲቋቋም የያዘው ስም ዘመኑ የሚናገረውን ነበር፤ «የኮንትሮባንድ እርዳታ ማኅበር» ይባል ነበር። በ1864 ግን ስሙ ተለወጠና «የሴቶች የነጻ ሰዎችና የወታደሮች እርዳታ ማኅበር» ተባለ። ለመዝገብ ጸሐፊ የአንድ ቃል ለውጥ ነው፤ ብርድ ልብስ ለመቀበል ተራ ይዞ ለሚጠብቀው ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው። ትናንት እንደ ዕቃ ተቆጥሮ ነበር፤ ዛሬ እንደ ሰው ተጠራ። በአዲሱ ስም ውስጥ ወታደሮችም የገቡት ጥቁሮች ለሰሜኑ ጦር ተሰልፈው ይዋጉ ስለ ነበር ነው።

በዚያው በ1864 አዲስ መጋቢ መጣ። ስሙ ሄንሪ ሃይላንድ ጋርኔት ነው። በ1815 በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ከቤተ ሰቡ ጋር አምልጦ፣ በኒው ዮርክ የተማረ፣ አንድ እግሩን በሕመም ምክንያት ያጣ፣ አንደበቱ ግን የተፈራ ሰው ነበር።

ጥር 31 ቀን 1865 የእንደራሴዎች ምክር ቤት ባርነትን በመላው አገር የሚሽረውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በድምፅ አሳለፈ። ለዚህ መታሰቢያ የካቲት 12 ቀን፣ በእሑድ ዕለት፣ ቄስ ጋርኔት በዚያው በምክር ቤቱ አዳራሽ እንዲሰብክ ተጠራ። በዚያ አዳራሽ ቆሞ ንግግር ያደረገ የመጀመሪያው ጥቁር እርሱ ነው። የዘመሩትም የራሱ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ነበሩ። ስብከቱን የመሠረተው በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 23 ቁጥር 4 ላይ ሲሆን፣ ከባዱን ሸክም በሌላው ትከሻ ላይ ጭነው ራሳቸው በጣታቸው እንኳ ስለማይነኩት ሰዎች የሚናገር ነው። ባርነት እንዲጠፋ፣ ነጻ የወጣውም ሰው ትምህርትና ሙሉ የዜግነት መብት እንዲያገኝ ጠየቀ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 9 ቀን፣ የደቡቡ ዋና ጦር አዛዥ ጄኔራል ሊ እጁን ሰጠ። ደስታው ሳምንት ሳይሞላው ሚያዝያ 14 ቀን ሊንከን ተተኮሰበት፤ በማግሥቱም ሞተ። ባለቤቱ እንድታጽናናት ያስጠራችው ያችኑ ልብስ ሰፊ ኬክሊን ነበር። ከተማው ጥቁር ለበሰ። ሆኖም የተራበው ሰው በማግሥቱም ይራባልና እርዳታው ሊቆም አይችልም ነበር። ማሻሻያው በክፍላተ ሀገሩ ጸድቆ ሕግ የሆነው በታኅሣሥ ወር 1865 ነው።

ተማሪዎቼ ታሪክ ስናጠና ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ ስለ ትልቁ ቀን ነው። ይህን ዓመት ባስተምራቸው የካቲት 12ን በቀይ ቀለም እንደሚያሰምሩ አልጠራጠርም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ፊትና ኋላ ያሉትን እሑዶች አብረው እንዲያሰምሩ እሻለሁ። ጋርኔት በአዳራሹ ስለ ሸክም ሲናገር፣ ከእርሱ ምእመናን መካከል ያን ሸክም በጣታቸው ብቻ ሳይሆን በትከሻቸው የያዙ ነበሩ። ቃሉ ክብደት ያገኘው ከዚህ ነው።

ትምህርት ይሰጥ የተባለውስ የት ደረሰ? በ1870 ለከተማይቱ ጥቁር ልጆች የመጀመሪያው የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ክፍል የተሰጠው በዚህችው ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ነው! በ1862 በአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ በማግኘት ከጥቁር ሴቶች ቀዳሚ የምትባለው ሜሪ ጄን ፓተርሰን ከመጀመሪያዎቹ ዲሬክተሮቹ አንዷ ነበረች። ትምህርት ቤቱ እያደገ ሄዶ በ1916 ደንባር ተባለ። ስለ ደም ፕላዝማ አጠባበቅ ባደረገው ምርምር ስሙ የታወቀው ሐኪም ቻርልስ ድሩ፣ በ1966 በአሜሪካ ካቢኔ ውስጥ የመጀመሪያው ጥቁር የሆነው ሮበርት ዊቨርም የተማሩት በዚሁ ትምህርት ቤት ነው።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ዛሬ ከቀድሞው ቦታዋ ተነሥታ በዚያው በዐሥራ አምስተኛው ጎዳና ወደ ላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ስሟም አልተለወጠም። ዋሽንግተን ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት ከተማ ናትና ከእናንተ መካከል ዘመድ ለመጠየቅ ወይም ለትምህርት የሚሄድ ቢኖር፣ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ ይመልከታት።

ለማይሄደው ደግሞ ሥራው እዚሁ ነው። የመሥሪያ ቤታችሁ የመረዳጃ ማኅበር ወይም የሰፈራችሁ ዕድር የዓመቱን ሒሳብ ሲያሰማ የገባውንና የወጣውን ገንዘብ ጠይቁ፤ መልካም ነው። ቀጥላችሁም እጃችሁን አንሡና ሁለት ጥያቄ ጨምሩ፤ «ባዶ የሚውለውን ክፍላችንን ለማን ሰጠን? ደጃችን የመጣውንስ ሰው ምን ብለን ጠራነው?»