ልጄ ፍሪ ፋየር ይጫወት ወይስ ይከልከል?

ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላምና አጅባር፣ ስማርት ስልክ በገባበት ቤት ክርክሩ አንድ ነው። ልጅ «አንድ ዙር ብቻ!» ይላል፤ እናት «ስልኩን አምጣ!» ትላለች። ማን ትክክል ነው? እስቲ ጥቅሙንና ጉዳቱን እንመዝን።

ፍሪ ፋየር እስከ 50 ተጫዋቾች በፓራሹት ደሴት ላይ ወርደው የሚታኮሱበት ጌም ነው። መጨረሻ ላይ የተረፈው ያሸንፋል። አንዱ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

👉 ጥቅሙ
ጌም ፈጥኖ መወሰንን፣ ዓይንና እጅን ማቀናጀትን፣ ከጓደኛ ጋር ተባብሮ መሥራትን ያለማምዳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ፣ 2 ሺህ ገደማ የ9 እና የ10 ዓመት አሜሪካውያን ልጆችን ያየ ጥናት አለ። በቀን 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ጌም የሚጫወቱት ጨርሶ ከማይጫወቱት ይልቅ በማስታወስና ራስን በመግታት ፈተናዎች የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ግን ልብ በሉ! ጥናቱ «ጌሙ ጎበዝ አደረጋቸው» አላለም። ምናልባት ቀድሞውንም እንዲህ ያሉት ልጆች ይሆናሉ ጌም የሚወዱት።

👉 ጉዳቱ
• እንቅልፍ ይሰርቃል። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት መተኛት አለበት።
• ዓይን ይደክማል፣ ይደርቃል፤ አንገትም ያማል።
• ከማያውቁት ሰው ጋር በድምፅ ያገናኛል።
• ጌሙ ውስጥ የሚሸጠው «ዳይመንድ» እውነተኛ ገንዘብ ያስወጣል።
• ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን የሚጥል በሽታ ባለባቸው አንዳንድ ልጆች ላይ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል።

👉 ሱስ የሚባለው መቼ ነው?
የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ አካቶታል፤ ዝርዝሩ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 ነው። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው፦ ማቆም አለመቻል፣ ጌምን ከምግብ፣ ከትምህርትና ከሰው ማስቀደም፣ ጉዳቱ እየታየም መቀጠል። ይህም ብዙውን ጊዜ ለ12 ወራት የዘለቀ ሲሆን ነው። ስለዚህ ልጅዎ ስልክ ሲቀሙት ስላለቀሰ ብቻ «ሱሰኛ» አይበሉት።

👉 ምን እናድርግ?
1. ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ስልክ አይስጡ። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው ከ1 ሰዓት አይለፍ፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል።
2. ለተለቀው ልጅ በደቂቃ ሳይሆን በዙር ይስማሙ፦ «ሁለት ዙር፣ ከዚያ በቃ።» ዙሩ መሃል ላይ ሲቋረጥ ቡድኑ ስለሚጎዳ ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው።
3. ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ስልኩ እናንተ ዘንድ ይደር።
4. በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ገደማ ራቅ ያለ ነገር ይመልከት።
5. ለትንንሾቹ ተኩስ የሌለበትን ይምረጡ። እኛው አገር የተሠራው «ኩኩሉ» ዶሮ ከአሳዳጇ የምታመልጥበት ጌም ነው።
6. በየቀኑ ደጅ ወጥቶ ይጫወት። የቀን ብርሃን የቅርብ ብቻ የማየት ችግርን ይከላከላል። ኳሱም፣ ገናውም፣ ሩጫውም መድኃኒት ነው።

እንቅልፉ፣ ትምህርቱና ደጅ መውጣቱ ካልተነካ ሁለት ዙር ልጅዎን አይጎዳውም። ከተነካ ግን ጌሙ ይቀነስ፤ ልጁ አልቆም ካለ ሐኪም ያማክሩ። አንዳንዴም አጠገቡ ቁጭ ብለው «እስቲ እኔንም አስተምረኝ» ይበሉት። ከማን ጋር እንደሚጫወት የሚያውቁት ያኔ ነው።

ጤና ይብዛላችሁ! ለወላጆች ሼር ያድርጉ።