እንጦጦን በየወቅቱ፣ ከልጅ ልጄ ጋር

«እንጦጦን በየትኛው ወር ብንወጣ ይሻላል?» ብለው የሚጠይቁኝ ጎረቤቶች አሉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ከልጅ ልጄ ጋር ወደዚያ እንደምሄድ ስለሚያውቁ ነው። የሚጠብቁት መልስ «መስከረም» የሚል ነው። እውነትም በመስከረም ያምራል። እኔ ግን በአራቱም ወቅት ሂዱ እላቸዋለሁ። በጥቅምት ያወቃችሁት መንገድ በሚያዝያ ሌላ መንገድ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ይህን የተማርኩት ደግሞ በቀላሉ አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ቦታው ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ የተነጠፈ መንገድና ማረፊያ ስላለው ለአያቶች ይመቻል። ከእሱ በስተምዕራብ ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ደግሞ 700 ሄክታር ያህል ስፋት አለው። እኛ የጀመርነው ከጉለሌ ነው። የእኔ ጉልበት እንደ ድሮው አይደለም፤ ልጁም ያኔ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ጉለሌ ከእንጦጦ አናት ዝቅ ይላል፤ ሲደክማችሁም ቶሎ ለመመለስ ይቀላል።

ከፍታውን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። የእንጦጦ አናት ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። የአዲስ አበባ ሰው በመጠኑ ለምዶታል። ከውጭ አገር ለእረፍት የመጡ ልጆቻችሁን ግን በደረሱ ማግስት ይዛችሁ አትውጡ፤ ሁለት ሦስት ቀን ይረፉ። የልብ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለብን ሰዎች ደግሞ ከሐኪማችን ጋር ሳንነጋገር አንጀምር። ከጀመርን በኋላ መለኪያችን ወሬ ነው። እየተራመድን ማውራት ከቻልን ፍጥነታችን ልክ ነው፤ ቃላችን እየተቆራረጠ ከመጣ መቀመጥ አለብን። ደረት ላይ የሚጫን ነገር ከተሰማን ግን የዚያን ቀን ጉዞ አበቃ።

ወደ ወቅቶቹ ልምጣ። በመስከረም አደይ አበባው ሜዳውን ቢጫ ያደርገዋል፤ ልጆች ደስ ይላቸዋል። መሬቱ ግን ገና ክረምቱን አልጨረሰም፤ ከሣሩ ሥር ጭቃ አለ። ለእኛ አስቸጋሪው መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው። በሁለት ሰበብ ሠርቼ ዱላ የያዝኩት በዚህ ወር ነው፤ አንደኛው ጉልበቴ፣ ሁለተኛው ከእኔ ቀድሞ የሚሮጠውን ልጅ ለማስቆም። ቁልቁለቱን ወደ ጎን እየዞርኩ፣ እርምጃዬን እያሳጠርኩ ነው የምወርደው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጡ ጠዋቱ ይቆረጥማል፤ ከረፋዱ በኋላ ፀሐይዋ ትከራለች። ከፍ ባልን ቁጥር ፀሐይ ቆዳን የማቃጠል ኃይሏ ይጨምራልና ቀዝቃዛ አየር አያታላችሁ፤ ለልጅም ለአያትም ባርኔጣ ያስፈልጋል። በጥርና በየካቲት አቧራው ይነሣል፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል እንደ ምንጣፍ ወርዶ ያንሸራትታል። ደረቅ ወራት ስለሆኑ ላቡ ሳይታይ ይተናል፤ ሰው ውኃ መጠጣት ይረሳል። በተለይ ሽንት የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ እኩዮቼ በድንገት ስትነሡ ሊያዞራችሁ ይችላል። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ይኑር፤ ቤት ስትገቡም ጫማችሁን አውልቃችሁ የእግራችሁን መዳፍ እዩ።

አሁን ወደ ሚያዝያው ልመለስ። ልጁ ስድስት ዓመቱ ነበር። ጠዋቱ ብራ ስለነበር ጃኬቱን «ይሞቀኛል እማማ» ብሎ አልለብስም አለ፤ እኔም እሺ ብዬ ቤት ተውኩለት። እኔ ግን እንደ ማንኛዋም አሮጊት ሹራብም ካፖርትም ደርቤ ነበር የወጣሁት። በደን መንገዱ ከፍ ብለን ሄድን። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎድጓዱ ጀመረ። ባሕር ዛፍ ሥር ልንጠለል ብለን ቆምን፤ ይህም ራሱ ስሕተት ነበር። ረዥም ዛፍ መብረቅ ይስባል፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም በነፋስ ይሰበራል። ቶሎ ብለን ወደ ታች መውረድ ጀመርን። ከዝናቡ ጋር በረዶው ወረደ።

ልጁ ከሥር እስከ ላይ ራሰ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ጮኸ፣ አለቀሰ። ያኔ ብዙም አልፈራሁም። የፈራሁት ዝም ሲል ነው። መንገዱን ሁሉ ጥያቄ የማያቋርጥ ልጅ ድምፁ ጠፋ። «በረደህ?» ብዬ ብጠይቀው አልመለሰም፤ እግሩ ድንጋይ ሳይነካው ይደናቀፋል። ስንት ዓመት እናቶችን «ሕፃን ከትልቅ ሰው ቀድሞ ሙቀቱን ያጣል» እያልኩ ያስተማርኩ ሴት፣ የራሴን ልጅ በካናቴራ ተራራ ላይ አውጥቼዋለሁ።

እርጥብ ልብሱን አወለቅሁ። የሹራቤን ቁልፎች ፈትቼ ገላውን ከገላዬ አስጠግቼ አቀፍኩት፣ ካፖርቱን በሁለታችን ላይ ጣልኩ። ከኋላችን ጭራሮ የተሸከመች አንዲት ሴት እየወረደች ነበር። ሸክሟን መሬት ጣለችና ከላይ የደረበችውን ላስቲክ አለበሰችን። «ይከተሉኝ እናቴ፣ ቅርብ ነው» ብላ በአቋራጭ ወደ አንድ የጥበቃ ቤት ወሰደችን። መንገዱን ግማሹን ልጁን ያዘለችው እሷ ናት።

ጥበቃዎቹ ከሰል አንድደው ሻይ ያፈላሉ። አንደኛው ለደግ ብሎ «በአረቄ እንሸው» አለ። አይሆንም አልኩ፤ በጣም የበረደውን ሰው እጅና እግር ማሸት ጉዳት አለው፣ አልኮል ደግሞ ሲተን ይብስ ያቀዘቅዛል። ከእሳቱ ጥግም አላስጠጋሁትም። በደረቅ ጋቢ ጠቀለልነው። ክፍሉ ጠባብ ስለነበር በበረዶ መሐል በሩን ክፈቱልኝ ብዬ ለመንኩ፤ እንደ እብድ ሳይቆጥሩኝ አይቀሩም፤ የከሰል ጭስ ግን ከብርዱ ቀድሞ ሊገድለን ይችል ነበር። መዋጥ እንደሚችል ካየሁ በኋላ ስኳር የበዛበት ሻይ በማንኪያ በማንኪያ ሰጠሁት። ግማሽ ሰዓት ያህል አለፈ። ከዚያ «እማማ፣ በረዶው ሰማይ ላይ የት ነው የሚቀመጠው?» አለኝ። እኔ የማልቅስ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን አለቀስኩ።

ልጄ ማታ ስትሰማ አልጮኸችብኝም። «እማዬ፣ አንቺ ነርስ አይደለሽም እንዴ?» ብቻ ነው ያለችው። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ወር ሙሉ ልጁን አልሰጠችኝም፤ እውነቷን ነው።

በክረምቱ የተስማማነው ጉለሌን ብቻ፣ በጠዋት፣ ለአንድ ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይበዛል፤ ጉሙ መንገዱን ይውጠዋል። ቢሆንም ስለ ዛፎች በደንብ የሚማሩት በዚህ ጊዜ ነው። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ ሥር መሬቱ ብዙ ቦታ ራቁቱን ነው፤ ዝናቡ አፈሩን ይዞ ቀይ ሆኖ ይወርዳል። ጽዱ፣ ወይራውና ኮሶው ባሉበት ግን ሣርና ቁጥቋጦ ስላለ ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። ልጁ ይህን ያየው በሁለት ጠርሙስ ነው፤ ከሁለቱም ቦታ የሚፈሰውን ቀድቶ ቤት ድረስ ይዞት መጣ። ሳማም ለብልቦታል። አትከክ፣ በውኃና በሳሙና እንታጠበው አልኩት፤ በማግስቱ ረስቶታል።

አሁን ቦርሳውን ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። ደረቅ ካናቴራ፣ ሹራብና ካልሲ በፌስታል ታስሮ፣ የዝናብ ልብስ፣ ዳቦ፣ ውኃ። ሰማዩ ብራ ቢሆንም አይጎድልም። የእኔን ቦርሳም ይፈትሻል፤ የግፊት መድኃኒቴን ረስቼ አንድ ጊዜ ከበር መልሶኛል።

ያችን ሴት ለረጅም ጊዜ ፈልጌያታለሁ። በሥራ ዘመኔ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ወገባቸውን ይዘው፣ አንዳንዶቹም ማሕፀናቸው ወርዶ ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጡ «ከባድ አትሸከሙ» ብዬ ነበር የምሸኛቸው። ምን ይብሉ ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም። ባለፈው ጥቅምት ዳገቱ ላይ አገኘናት። እኔ አልለየኋትም፤ ያወቀችን እሷ ናት። ሸክሟን ከዛፍ አስደግፋ፣ ልጁን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና «ያ ልጅ ይሄ ነው? አድጓል» አለች። እሱ ከቦርሳው ዳቦውን አውጥቶ ግማሹን ሰጣት። ሦስታችንም ጥላ ሥር ቁጭ ብለን በላን፤ ከዚያ እሷ ወደ ታች፣ እኛ ወደ ላይ።