የሻል ጠርዝ ስሌት፦ ማዕዘኑን አስቀድሞ መቁጠር

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ወገን በምትገኘው በቆላ ድባ፣ እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ፣ የዳንቴል ሥራ ከቤት ጌጥነት አልፎ የእናቶች መተዳደሪያ ሊሆን የሚችል ሙያ ነው። ይሁን እንጂ ጠርዙ የተጨማደደ ሻል ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው ይወርዳል፤ ይፈታ ቢባልም ክሩ ይሻክራል፣ የብዙ ምሽት ድካምም ይባክናል። የችግሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ የእጅ ስንፍና ሳይሆን የቁጥር ጉድለት ነው።

ሸማኔ ድሩን ሲያደራ የክሩን ብዛት አስቀድሞ ስለሚወስን የነጠላው ወርድ እስከ ጥበቡ ድረስ አይለወጥም። በኪሮሽ የሚዞር ጠርዝ ግን ወደ ውጭ እየሰፋ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው መብለጥ አለበት። ጭማሪውም የሚገባው በአራቱ ማዕዘኖች ነው።

በኪሮሽ አንድ ጊዜ ተጠልፎ የሚያልቀውን በዚህ ጽሑፍ «ዓይን» እንበለው። በአጭር ዓይን ሲሠራ በማዕዘኑ ዓይን ውስጥ 3 ዓይን ይገባል። መካከለኛው የአዲሱ ዙር ማዕዘን ይሆናል፤ ግራና ቀኙ ወደ ጎኖቹ ይሄዳሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ጎን በየዙሩ 2፣ ጠቅላላው ጠርዝ ደግሞ 8 ዓይን ይጨምራል። ከዚህ ካነሰ ጠርዙ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ ከበዛም ይሸበሸባል። ዓይኑ ረጅም ከሆነ በማዕዘኑ 5 ማስገባት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ያን ጊዜ የጎኑ ጭማሪ 4 ይሆናል።

ቀጥሎ የአበባው ስሌት ይመጣል። አንድ አበባ 8 ዓይን የሚይዝ ቢሆንና የሻሉ ጎን፣ ማዕዘኖቹ ሳይቆጠሩ፣ 100 ዓይን ቢኖረው፣ 12 አበባ ወጥቶ 4 ዓይን ይተርፋል። ለ13ኛው አበባ 4 ስለሚጎድል፣ አስቀድሞ በአጭር ዓይን 2 ሜዳ ዙር መሥራት ይበቃል፤ ጎኑ 104 ይሆናል፣ አበባውም ሳይቆረጥ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ይደርሳል።

ጎኑ 107 ቢሆንስ? የሚጎድለው 5 ነው፤ ጭማሪው ግን ሁለት ሁለት ስለሆነ አይገጥምም። በመጀመሪያው ዙር በእያንዳንዱ ጎን መካከል 1 ዓይን ብቻ ተጨምሮ 2 ዙር ሲሠራ 112 ይሞላል፤ ይህም 14 አበባ ነው። ከአራቱ ጎኖች አንዱ እንኳ ሳይጨመርበት ከታለፈ ግን ሻሉ ይጣመማል።

እንግዲህ አበባው ከመጀመሩ በፊት አራቱንም ጎኖች መቁጠር፣ ለአበባው ልክ ማካፈል፣ የጎደለውንም በዙር ማሟላት ይገባል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ አምስት ደቂቃ የወሰደ ቆጠራ የሳምንት ሥራን ከመፍታት ያድናል።