«ምች ነው» ተብሎ የሚታለፈው የፊት ቁስል

በሐምሌና በነሐሴ፣ ፀሐይ በወጣች ቁጥር፣ በሄግና በሮተርዳም ያለው ወገናችን ልጆቹን ይዞ ወደ ስኼፈኒንገን ባሕር ዳርቻ ይወርዳል። በማግስቱ የአንዱ ልጅ ጉንጭና አፍንጫ ውኃ የቋጠረ ነገር ቢያወጣ ምርመራው እቤት ውስጥ ያልቃል። «ምች መታው» ይባላል። ዳማከሴ ያለው ዳማከሴ ያሻል፤ የሌለው ቫዝሊን ይቀባል።

ብዙውን ጊዜ በዚህ የሚጎዳ የለም። ምች የምንለው ነገር በሕክምና ዓይን አንድ በሽታ አይደለምና፣ የከንፈር ቁስሉም፣ የፀሐይ ቃጠሎውም፣ ትኩሳቱና ራስ ምታቱም በዚሁ ስም ይጠራሉ። ከዚህ ስም ጀርባ ግን አልፎ አልፎ ሌላ በሽታ ይደበቃል። ሐኪሞች «ሃይድሮኣ ቫክሲኒፎርም» ይሉታል፤ ባዜን የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1862 (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ጽፎታል። በጣም ጥቂት ሰው የሚይዝ በሽታ ነው። በይበልጥ የታየው በምሥራቅ እስያና በላቲን አሜሪካ ልጆች ላይ ይሁን እንጂ በሌላውም ሕዝብ ይገኛል። ፀሐይ ባገኘው ቆዳ ላይ፣ ማለትም በጉንጭ፣ በአፍንጫ፣ በጆሮና በእጅ ጀርባ ላይ ውኃ ይቋጥራል፤ ይጠቁራል፤ ቅርፊት ይሠራል፤ ሲድን የፈንጣጣ የሚመስል ጠባሳ ትቶ ይሄዳል። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ይመለሳል።

ይህ በሽታ ከአንድ በጣም ከተለመደ ቫይረስ ጋር የተያያዘ ነው። ቫይረሱ የተገኘበት ታሪክ የሚጀምረው በእኛው በምሥራቅ አፍሪካ ስለሆነ ጥቂት እናውራው።

ካምፓላ ይሠራ የነበረው የአየርላንድ ተወላጅ ቀዶ ሐኪም ዴኒስ በርኪት፣ በሕፃናት መንጋጋ ላይ በፍጥነት የሚያድግ ዕጢ አይቶ በ1958 ጻፈ። በ1961 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በመኪና ከኡጋንዳ እስከ ደቡብ አፍሪካ ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረ ጠየቀ። ዕጢው በወባማው ቆላ ይበዛል፤ ደጋ ላይ ግን እምብዛም አይታይም። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ንግግሩን የሰማው ተመራማሪ አንቶኒ ኤፕስታይን ናሙና በአውሮፕላን እንዲላክለት አደረገ። በ1963 መጨረሻ አንዱ አውሮፕላን በለንደን ጭጋግ ምክንያት ማንችስተር አረፈና ናሙናው ዘግይቶ፣ ውኃውም ደፍርሶ ደረሰ። የተበላሸ መስሎ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ያደፈረሱት ሕያው የዕጢ ሕዋሳት ነበሩ። ከእነርሱ በተራቡት ሕዋሳት ውስጥ ኤፕስታይን፣ ኢቮን ባርና በርት አቾንግ በ1964 ቫይረሱን አዩት። ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የተባለውም ለዚህ ነው።

ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት ዐዋቂዎች ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ይህን ቫይረስ ተሸክመዋል። የሚተላለፈው በምራቅ ነው። አገር ቤት ያደገ ሰው ብዙውን ጊዜ በሕፃንነቱ ይዞት ሳይታወቀው ያልፋል። እዚህ ግን ብዙዎች በወጣትነታቸው ስለሚያገኙት ይጥላቸዋል፤ ሆላንዶች «ፕፋይፈር» የሚሉት ይኸው ነው። ጉሮሮ ያብጣል፣ አንገት ላይ ንፍፊት ይወጣል፣ ድካሙ ለሳምንታት ይቆያል። «ታዲያ ጉርሻ ይቅር?» የሚል ቢኖር እኛ አንስማማም፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው ጤነኛ ሆኖም በየጊዜው በምራቁ ስለሚያወጣው ሽሽቱ ትርፍ የለውም።

«ሁይስአርትሱ ከፓራሲታሞል በቀር አያውቅም» የሚለውን የዘወትር ምሬታችንን እናውቀዋለን። በፕፋይፈር ላይ ግን ሐኪሙ ልክ ነው፤ ቫይረስ በአንቲባዮቲክ አይሞትም። ይልቁንም ከአዲስ አበባ በሻንጣ የመጣውን አሞክሲሲሊን የወሰደ የፕፋይፈር ሕመምተኛ ሰውነቱ በሙሉ በሽፍታ ሊሸፈን ይችላል። ጣፊያም ስለሚያብጥና ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ወጣቱ ቢያንስ ለሦስትና ለአራት ሳምንታት እግር ኳስ ይተው።

ወደ ቆዳው እንመለስ። ቫይረሱ ከያዘን በኋላ ከሰውነታችን አይወጣም። የሚደበቀው ቢ በሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ ቲ እና ኤንኬ የሚባሉት ደግሞ እንደ ዘበኛ ሆነው ይጠብቁታል። በጥቂት ሰዎች ላይ ግን ቫይረሱ ዘበኞቹ ውስጥ ራሳቸው ይገባና ያራባቸዋል። የፊቱ ቁስል የሚመጣው እነዚህ ሕዋሳት ቆዳ ውስጥ ሲከማቹ ነው። አንዳንዱ ልጅ በትንኝ ንክሻ ብቻ ትኩሳት ይይዘዋል፤ የተነከሰበትም ቦታ ውኃ ቋጥሮ ይቆስላል። ቀላሉ ዓይነት ከዕድሜ ጋር ሊጠፋ ይችላል። ከባዱ ግን ትኩሳት፣ የፊት እብጠት፣ የንፍፊትና የጉበት ማበጥ ያመጣል፤ ወደ ሊምፎማ፣ ማለትም ወደ ካንሰር፣ የሚለወጥበትም ጊዜ አለ።

ስለዚህ በየበጋው የሚመለስ፣ ጠባሳ የሚተው ወይም ከትኩሳት ጋር የሚመጣ የፊት ቁስል ምች ተብሎ አይታለፍ። ቁስሉ በባሰበት ቀን ፎቶግራፍ አንሱት፤ ቀጠሮው እስኪደርስ ሊደርቅ ይችላልና። በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት ስለማይጎላ፣ ሐኪሙ ካላየው «የልጄ ፊት እንዲህ አልነበረም» በሉት። ወደ ቆዳ ሐኪም የሚልክ ደብዳቤ ጠይቁ። ቁርጡ የሚታወቀው ከቆዳው ትንሽ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ነው። የቆዳ ሊምፎማን በተለይ የሚከታተሉ ሐኪሞች ያሉት በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሲሆን፣ ከሄግ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ነው።

ለትልልቆቹም አንድ ነገር አለን። ለመገጣጠሚያ ሕመም ሜቶትሬክሴት፣ ወይም አዛታዮፕሪን የሚወስዱ አባቶችና እናቶች አፋቸው ውስጥ ወይም ቆዳቸው ላይ የማይድን ቁስል ካዩ ለሐኪማቸው ይንገሩ። ይኸው ቫይረስ ዘበኛው ሲደክም እንዲህ ያለ ቁስል ያመጣል፤ ብዙውን ጊዜም መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም ይድናል። የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው እንጂ በራስ ፈቃድ አይሆንም።

ወጪውን ፈርቶ የሚቀርም አለ። ከ2016 ጀምሮ በዓመት 385 ዩሮ የሆነው ኤይኸን ሪዚኮ ሁይስአርትስ ዘንድ ለመታየት አይነካም፤ ዕድሜው 18 ያልሞላ ልጅ ደግሞ ሆስፒታል ቢላክም አይከፍልም።