ቶሎ ቶሎ ቤት፦ ዊኪና ጦማር ለዕለት ተዕለት ሕይወታችን ምን ይጠቅማሉ?

በሀዋይ ደሴቶች ቋንቋ «ዊኪ» ማለት ፈጣን ማለት ነው። ቃሉ ሲደገም «ዊኪ ዊኪ» ይሆናል፤ እኛ «ቶሎ ቶሎ» እንደምንለው መሆኑ ነው። በሆኖሉሉ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ያመላልስ የነበረው አውቶቡስም በዚሁ ስም ይታወቅ ነበር። አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለሙያ ዋርድ ከኒንግሃም እ.ኤ.አ. በ1995 ማንኛውም አንባቢ እዚያው ሊጽፍበትና ሊያርመው የሚችለውን የመጀመሪያውን ድረ ገጽ ሲከፍት፣ የዚያን አውቶቡስ ስም አስታውሶ አወጣለት።

በእኛ ዘንድ ግን ቶሎ ቶሎ ሲባል ወዲያው የሚታወሰን የታወቀው ተረት ነው፤ «ቶሎ ቶሎ ቤት፣ ግድግዳው ሰንበሌጥ»። በዊኪ ላይ ዘወትር የሚሰነዘረው ወቀሳም ከዚህ የራቀ አይደለም። ማንም እንዳሻው የሚጽፍበት ገጽ እንዴት ሊታመን ይችላል? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም መልስ ከመስጠታችን በፊት በጥድፊያ ያልተሠራው ቤት ምን እንደ ገጠመው ማየት ይበጃል። እ.ኤ.አ. በ2000 ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ኑፔዲያ የተባለ የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ጀምረው ነበር። እያንዳንዱ መጣጥፍ ሰባት ደረጃ ያለውን የሊቃውንት ምርመራ ማለፍ ነበረበት። በመጀመሪያው ዓመት ተጠናቀው የወጡት መጣጥፎች ከሁለት ደርዘን አልበለጡም። ለዚሁ ሥራ አጋዥ ይሆን ዘንድ በ2001 መጀመሪያ ላይ በዊኪ ስልት የተከፈተው ውክፔዲያ ግን ዓመቱ ሳያልቅ 20 ሺህ ያህል መጣጥፎችን አከማቸ። ዛሬ የእንግሊዝኛው ክፍል ብቻ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች አሉት።

ስለ ግድግዳው ጥንካሬ የቀረበ ማስረጃም አለ። ኔቸር የተባለው ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት በ2005 መጨረሻ ላይ ከውክፔዲያና ከብሪታኒካ 42 የሳይንስ መጣጥፎችን በጥንድ በጥንድ መርጦ ለባለሙያዎች ሰጠ። የትኛው ከየት እንደ መጣ አልተነገራቸውም። በአማካይ በአንድ የውክፔዲያ መጣጥፍ 4፣ በአንድ የብሪታኒካ መጣጥፍ ደግሞ 3 ያህል ስሕተት ተገኘ። ብሪታኒካ የጥናቱን ስልት አጥብቆ ተቃውሟል፤ ኔቸርም አልተቀበለውም። በዚያው ዓመት ግን ጆን ሲገንታለር የተባሉ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥረው እንደ ነበር የሚገልጽ ፍጹም ሐሰት በስማቸው በተከፈተ ገጽ ላይ ሰፍሮ ለአራት ወራት ያህል ማንም ሳያርመው ቆይቷል። ብዙ ሰው የሚያነበው ገጽ በፍጥነት ይታረማል፤ ማንም የማይጎበኘው ገጽ ግን ስሕተቱን ታቅፎ ይቀመጣል። የሰንበሌጡን ቤት ሲጠቀሙ ይህን ልዩነት መዘንጋት አይገባም።

እኛን የፊዚክስ መምህራንን ይበልጥ የሚስበን ሌላ ነገር ነው። ዊኪ የደረሰበትን ለውጥ ሁሉ ይመዘግባል። እያንዳንዱ እርማት ከነቀኑና ከነሰዓቱ፣ ከአራሚው መለያ ጋር ተቀምጦ ይገኛል፤ የተሰረዘውም መልሶ ይነበባል። ከመጣጥፉ ጎን ያለውን «ውይይት» የተባለውን ገጽ የከፈተ ተማሪ ጸሐፊዎቹ በምን እንደ ተከራከሩና የትኛው ምንጭ እንደ ተጣለ ያያል። የታተመ መጽሐፍ ይህን ሁሉ ከአንባቢው ይሰውራል። የስሕተት መጠኑ ያልተገለጸ ልኬት በላቦራቶሪ ዋጋ እንደሌለው ሁሉ፣ አመጣጡ የማይታወቅ ዓረፍተ ነገርም እንዲሁ ነው። አንድን አንቀጽ እንዳለ ገልብጦ ሪፖርት ላይ የሚለጥፍ ተማሪ (እንዲህ ያሉ ሪፖርቶች በየዓመቱ ጠረጴዛችን ላይ ይደርሳሉ) ዊኪ ካለው ነገር ሁሉ የሚወስደው እጅግ ርካሹን ነው።

ጦማር የዊኪ የቅርብ ዘመድ ነው። ቃሉ በግእዝ ደብዳቤ ማለት ሲሆን፣ በዘመናችን ብሎግ ለሚባለው፣ አዳዲስ ጽሑፎች በቀን ቅደም ተከተል ለሚሰፍሩበት የግል ድረ ገጽ ስያሜ ሆኗል። በጦማር ባለቤቱ በስሙ ይናገራል፤ አንባቢውም ከሥር መልስ ይሰጣል። በዊኪ ግን የግለሰቡ ድምፅ ይጠፋና የጋራ ጽሑፍ ይቀራል። ሁለቱ ተጋግዘው ምን ሊሠሩ እንደሚችሉ በጉልህ የታየው በሒሳብ ትምህርት ነው። በጥር 2009 የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ አንድ ከባድ ጥያቄ በጦማሩ ላይ አውጥቶ የፈለገ ሁሉ አብሮት እንዲያስብ ጋበዘ። ጥያቄው የሄልስ–ጁዌት የተባለው ቴዎረም የመጠን ቅርጽ ሲሆን፣ በሰሌዳ ላይ ሦስት ምልክት በአንድ መስመር ከማሰለፍ የልጆች ጨዋታ ጋር ይዛመዳል፤ ልዩነቱ ሰሌዳው እጅግ ብዙ አቅጣጫዎች ያሉት መሆኑ ነው። ቴዎረሙ በ1991 በሌላ መንገድ ተረጋግጦ ነበር፤ ጋወርስ የፈለገው ቀለል ያለ ማረጋገጫ ነው። በ37 ቀናት ውስጥ 27 ሰዎች 800 ያህል አስተያየቶችን ጻፉ። ከእነርሱም መካከል የፊልድስ ሜዳይ ተሸላሚው ቴሬንስ ታኦ ነበረ፤ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርም ነበረ። ክርክሩ በጦማሩ ላይ ሲካሄድ፣ የተጨበጠው ውጤት በዊኪ ላይ ይሰፍር ነበር። ማረጋገጫው ተገኘና በ2012 ፖሊማዝ በሚል የጋራ የብዕር ስም ታተመ። ለተማሪ ጠቃሚ መስሎ የሚታየን ግን ከውጤቱ ይልቅ ሒደቱ ነው። ከንቱ የቀሩት ሙከራዎች፣ «ይህ አያስኬድም» ተብለው የተተዉት ሐሳቦች ሁሉ ዛሬም ይነበባሉ። ሊቅም እንደሚሳሳት በሰማንበት ሁሉ እንናገራለን፤ እንዴት እንደሚሳሳት ቁጭ ብሎ መመልከት ግን ከዚያ በፊት ለጥቂቶች ብቻ የተፈቀደ ነበር።

ከካምብሪጅ ወደ ራሳችን ላቦራቶሪ እንመለስ። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በፔንዱለም የመሬት ስበት ሽምጠጣን ሲለካ፣ በመጽሐፉ ያለው ቁጥር 9.81 ሜትር በሰከንድ ካሬ ነው። አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች በመሆኗ፣ በዚህ ከተማ ትክክለኛው ዋጋ ከ9.78 ጥቂት ዝቅ ያለ ነው። 9.77 ያገኘ ተማሪ የተሳሳተ መስሎት ቁጥሩን ወደ 9.81 «ያቃናል»። በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣውም ተማሪ ያንኑ ይደግማል። ምክንያቱም ያለፈው ዓመት ደብተር ሱቅ ገብቶ የቆሎ መጠቅለያ ሆኗል። የተለካው ሁሉ፣ የተበላሸው ሰዓት፣ የላላው ክር፣ ጥሩ ውጤት ያስገኘው ዘዴ ከደብተሩ ጋር ይጠፋል። የአማርኛው ውክፔዲያም ከዚህ የተሻለ ዕድል አላገኘም። ከእንግሊዝኛው ሚሊዮኖች አንጻር መጣጥፎቹ በአሥር ሺዎች ደረጃ ያሉ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከጥቂት መስመር አያልፉም። ፊዚክስን በአማርኛ ማስረዳት የሚችሉ ብዙ ተማሪዎች ግን በየመኝታ ክፍሉ በየማታው ለጓደኞቻቸው ሲያስረዱ ይሰማሉ።

የዊኪን ሥራ ለመጀመር የኢንተርኔት መስመር የግድ አያስፈልግም። ውክፔዲያ የሚሠራበት ሚዲያዊኪ የተባለው ፕሮግራም በነፃ የሚገኝ ሲሆን፣ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ተጭኖ የአንድን ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በውስጥ መስመር ያገለግላል። ኪዊክስ በተባለው ሌላ ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የአማርኛው ውክፔዲያ በሙሉ በአንድ ፍላሽ ዲስክ ተይዞ መስመር ወዳልደረሰው ትምህርት ቤት ሊሄድ ይችላል። የመጀመሪያው ገጽ ረጅም መሆን የለበትም። የፔንዱለሙ ርዝመት፣ የሃያ ውዝዋዜ ጊዜ፣ የተለካበት ቀንና ክፍል፣ የተገኘው ቁጥር ሳይቃና እንዳለ፤ ከሥሩም የሚቀጥለው ዓመት ተማሪ የሚሞላው ባዶ ረድፍ።