ሴቭ በቤዝቦል ጌሞች፦ ኮምፒውተሩ ለማን ይመዘግባል?

ዘጠኙን ኢኒንግ ብቻውን የሚጨርስ ወርዋሪ ዛሬ ብርቅ ነው። የጀመረው ሲደክም ተቀያሪዎች ይፈራረቃሉ፤ መሪነቱን ሳያስነጥቅ ጨዋታውን የሚዘጋው «ሴቭ» ይመዘገብለታል። የአቆጣጠር መስፈርቱን ያመነጨው የቺካጎው ጋዜጠኛ ጄሮም ሆልትዝማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 የፒትስበርጉ ተቀያሪ ኤልሮይ ፌስ 18 አሸንፎ አንድ ብቻ በመሸነፉ ሲወደስ፣ ሆልትዝማን ያየው ሌላ ነበር፦ ፌስ ራሱ መሪነቱን አስነጥቆ፣ መቺዎቹ መልሰው ያሸነፉለት ጨዋታም ድል ተብሎ ይቆጠርለታል። ሜጀር ሊግ በ1969 ሴቭን በይፋ መቁጠር ጀመረ፤ ደንቡ በ1974 ጠበቀ፣ በ1975 ላላ፤ በመሠረቱ በዚያው ጸንቶ አለ።

ደንቡ ለፕሮግራም ጸሐፊ የተመቸ ይመስላል። ወርዋሪው አሸናፊውን ቡድን ይዞ ጨዋታውን መጨረስ፣ ድሉ ለእሱ ያልተመዘገበ መሆን፣ ቢያንስ አንድ ተጫዋች ማስወጣት አለበት። ከዚህ በላይ ከሦስቱ አንዱን ያሟላል፦ ከሦስት ባልበለጠ ልዩነት ገብቶ አንድ ሙሉ ኢኒንግ መወርወር፤ ወይም አቻ የሚያደርገው ሯጭ ቤዝ ላይ፣ መምቻው ላይ ወይም ተረኛ ሆኖ ሳለ መግባት፤ ወይም ቢያንስ ሦስት ኢኒንግ መወርወር። ስለዚህ ጌሙ ቅያሪው በተደረገባት ቅጽበት ልዩነቱንና ቤዝ ላይ ያሉትን ይይዝና መጨረሻ ላይ ያመሳክራል።

ተጫዋቾች ክፍተቱን ለማግኘት አይቸገሩም። ዘጠነኛው ኢኒንግ ሲጀምር በአራት ነጥብ እየመሩ ምርጡን ዘጊ ቢያስገቡ፣ ሦስቱንም መቺዎች ቢያሰናብት እንኳ ሴቭ የለም። ፊተኛው ወርዋሪ ሁለት ሰው ቤዝ ላይ እስኪያደርስ ቢታገሡ ግን ቀጥሎ የሚመታው ተረኛ አቻ አድራጊ ይሆናል፤ ያኔ የገባው ዘጊ አንድ ሰው አስወጥቶ ቢጨርስም ያገኛል። በኮንሶል ላይ እንዲህ ያለውን ችግር ሆን ብሎ መፍጠር ቀላል ነው፤ ሥራውን የሚፈራ እውነተኛ አሠልጣኝ አይሞክረውም።

አስቸጋሪዋ ቀድሞ የሦስት ኢኒንጉ መስፈርት ውስጥ የነበረችው፣ አሁን ግን ደንቡ ውስጥ የሌለችው «በብቃት» የምትለዋ ቃል ነበረች። ስታዲየም ውስጥ የምትዳኘው በይፋዊው መዝጋቢ ዓይን ነበር። ኮምፒውተር ዓይን የለውም፤ ንድፍ አውጪው ወይ ቁጥር ሊያስቀምጥለት፣ ወይ ሦስቱ ኢኒንግ ከተሞሉ ዝም ብሎ እንዲሰጥ ሊያደርገው ግድ ነበር። እንዲያ ሲሰጥ በጌሙ መሳቅ አይገባም፤ ነሐሴ 22 ቀን 2007 (እ.ኤ.አ.) ቴክሳስ ባልቲሞርን 30 ለ 3 ሲያሸንፍ፣ በ14 ለ 3 ገብቶ የመጨረሻዎቹን ሦስት ኢኒንጎች የወረወረው ዌስ ሊትልተን በሰው እጅ ሴቭ ተጽፎለታል።

እንደ «አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል» ባሉ፣ ያለፈ ዘመንን እንደገና በሚያጫውቱ ማስመሰያዎች ደግሞ ከቆጠራው ይልቅ የኮምፒውተሩ አሠልጣኝ አስተሳሰብ ያመዝናል። በ1970ዎቹ ዘጊዎች ሁለት ሦስት ኢኒንግ መወርወራቸው የተለመደ ነበር፤ ለዘጠነኛው ኢኒንግ ብቻ የሚቀመጥ ሰው የተለመደው ቶኒ ላ ሩሳ ዴኒስ ኤከርስሊን በኦክላንድ በዚያ መንገድ ከተጠቀመበት በኋላ ነው። የዛሬን ልማድ በዚያ ዘመን ላይ የጫነ ማስመሰያ ደንቡን ሳይነካ የዘመኑን ሠንጠረዥ ያበላሻል።

አጫጭር ጨዋታዎችም የራሳቸው ጣጣ አላቸው። «ኤምኤልቢ ዘ ሾው» ውስጥ የሦስት ኢኒንግ ግጥሚያዎች አሉ፤ እዚያ የሦስት ኢኒንጉ መንገድ ለተቀያሪ ዝግ ነው፤ ሦስቱንም የወረወረ ጀማሪው ራሱ ነውና ድሉን ይወስዳል።